የተሰረቀ ክሪፕቶን እንዴት እንከታተላለን? ለማስመለስስ ምን እናድርግ?

ገንዘብ ከዋሌትዎ (ክሪፕቶዎን ከሚይዙበት መተግበሪያ) ያለ እርስዎ ፈቃድ ሲወጣ ካዩ፣ ሌባውን ከመፈለግዎ በፊት የተረፈውን ያድኑ። በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር አዲስ ዋሌት ከፍተው ቀሪውን ወደዚያ ያዛውሩ። የይለፍ ቃል መቀየር አያድንም፤ ዋሌቱን ሲከፍቱ የተሰጡዎት 12 ወይም 24 የምስጢር ቃላት ሌባው እጅ ከገቡ ዋሌቱ የእሱም ሆኗል። ገንዘቡ ያለው በኤክስቼንጅ (ክሪፕቶ በሚገዛበትና በሚሸጥበት ድርጅት) አካውንት ከሆነ ግን ወዲያውኑ አካውንቱን ያሳግዱ።

ቀጥሎ ማስረጃ ይያዙ። የዝውውሩን ሃሽ (ዝውውሩ የሚለይበትን ረጅም የፊደልና የቁጥር መለያ)፣ የተቀባዩን አድራሻ፣ መጠኑንና ሰዓቱን ኮፒ አድርገው ያስቀምጡ። ስክሪንሾት ብቻውን አይበቃም፤ ረጅሙን አድራሻ ከምስል ላይ ሲገለብጡ አንድ ፊደል ቢስቱ ፍለጋው መና ይቀራል።

አሁን ዱካውን ይከተሉ። ዝውውሩ በኢተሪየም ኔትወርክ ከሆነ ሃሹን ኢተርስካን፣ በትሮን ኔትወርክ ከሆነ ትሮንስካን ላይ ያስገቡ፤ ሁለቱም ዝውውሮችን የሚያሳዩ ነጻ ድረ ገጾች ናቸው። የተቀባዩን አድራሻ ሲጫኑ ገንዘቡ ከዚያ ወዴት እንዳለፈ ያሳያል። የሌባውን ስም እዚያ አያገኙም። የሚፈልጉት የባይናንስ ወይም የሌላ ኤክስቼንጅ ስም የተለጠፈበትን አድራሻ ነው። እዚያ ሲደርሱ ያቁሙ፤ ከዚያ ወዲያ ገንዘቡ ከሌሎች ደንበኞች ገንዘብ ጋር ስለሚቀላቀል መከተሉ ያሳስታል። ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ግን ከዚህ አንድ እርምጃ በፊት ያለውን፣ ስም ያልተለጠፈበትን አድራሻ ነው። ብዙ ጊዜ ኤክስቼንጁ ለአንድ ደንበኛ የሰጠው የገቢ አድራሻ እሱ ነውና፣ የአካውንቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ኤክስቼንጁ ሊያውቅ ይችላል።

ይህን አድራሻ ከነሃሹ ለኤክስቼንጁ ይላኩ፤ በዚያው ቀን ለፖሊስም ያመልክቱ። ኤክስቼንጆች የደንበኛን ማንነት የሚያሳውቁትም ሆነ ገንዘብ የሚመልሱት አብዛኛውን ጊዜ በሕግ አካል ጥያቄ ነው። የተሰረቀው ዩኤስዲቲ የተባለው ክሪፕቶ ከሆነ አውጪው ቴዘር፣ ዩኤስዲሲ ከሆነ አውጪው ሰርክል አድራሻውን ማገድ ይችላሉ። ቢትኮይንን በኔትወርኩ ላይ ማንም ሊያግደው አይችልም።

እባክዎ፣ «ሀክ አድርጌ አስመልስልዎታለሁ» የሚሉትን አይመኑ። የተፈጸመ ዝውውርን መቀልበስ የሚችል የለም። ቅድሚያ ክፍያ ወይም የምስጢር ቃላትዎን የሚጠይቅ ሰው ሁለተኛው ሌባ ነው።

ገንዘቡ ኤክስቼንጅ ሳይደርስ አንድ አድራሻ ላይ ከቆመም ተስፋ አይቁረጡ። በ2016 ቢትፊኔክስ ከተባለው ኤክስቼንጅ ከተሰረቀው ወደ 120,000 ቢትኮይን ውስጥ የአሜሪካ መንግሥት ከ94,000 በላዩን የያዘው በ2022 ነው። ገንዘቡ በኢተሪየም ላይ ከሆነ ኢተርስካን ላይ አካውንት ከፍተው አድራሻውን በክትትል ዝርዝር ውስጥ ያስገቡት፤ ገንዘቡ ሲንቀሳቀስ በኢሜይል ያሳውቅዎታል። አዲሱን ሃሽ ሳይውል ሳያድር መዝገቡን ለያዘው መርማሪ ያድርሱ።