የባጂ ጫጩት ጥሬ መልቀም እምቢ ካለ

የባጂ (የትንሿ በቀቀን) ጫጩቶቻችሁ ከጎጆ ሣጥኑ ወጥተው አሁንም አባታቸውን እየተከተሉ «አጉርሰኝ» የሚሉ ከሆነ፣ እህሉን ከተሰቀለው መመገቢያ አውርዱት። የኦቾሎኒ ቅቤ ክዳን ላይ ዳጉሳ በትኑና ወለሉ ላይ አስቀምጡ። በቃ።

ጫጩት ከሣጥኑ የሚወጣው ከ30 እስከ 35 ቀን ሲሞላው ነው። ክንፉ ገና ስላልጠና ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ወለሉ ላይ ነው፤ ከላይ የተሰቀለውን ዕቃ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ባጂ በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያም የሣር ፍሬ የሚለቅመው ከመሬት ነው። ወላጆቹ ወርደው ሲለቅሙ ሲያይ እሱም ይሞክራል። መጀመሪያ ይጫወትበታል እንጂ አይበላም፣ አትደንግጡ።

ዳጉሳውን ሌሊት ዘፍዝፋችሁ ጠዋት በደንብ ብታለቀልቁት ይለሰልስለታል። የራሰ እህል ግን ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ክዳኑ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ አታቆዩት። ክዳኑንም ከመቆሚያው እንጨት ሥር አታድርጉ፣ ኩስ ይሞላዋል። እንደኛ ለገጣፎ ዳር ዳሩን የምትኖሩ ደግሞ ሲመሽ አንሱት። አይጥ ግብዣ አትጠብቅም።

ክዳኑ ባዶ ሆነ ብላችሁ ጫጩቱን ከአባቱ እንዳትለዩት፤ የጨረሱት ትልልቆቹ ሊሆኑ ይችላሉ። ማታ አንገቱ ሥር ያለችውን የምግብ ከረጢት በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። ሞልታ ካገኛችኋት ጥሩ ነው። ባዶ ከሆነች አባትየው ጋር ይቆይ። ላባው ያልሞላና ገና ሣጥን ውስጥ ያለ ጫጩት ላይ ይህን አትሞክሩ።