ሌሊቱን የሚጮኽ ውሻ፣ ሶፋ ላይ የምትሸና ድመት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሩ፤ አመሉ የቆየ ነው ወይስ በድንገት የመጣ? ለወራት የኖረ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የልማድ ጉዳይ ነው። ትናንት ደህና የነበረ እንስሳ ዛሬ ሲናከስ፣ ጥግ ይዞ ሲሸሸግ ወይም ቤት ውስጥ ሲሸና ግን ቀድሞ የሚጠረጠረው ሕመም ነው። የጆሮ ቁስል፣ የጥርስ ሕመም፣ የሽንት ቧንቧ ችግር፣ መዥገርና እከክ ሁሉም ጠባይ ይለውጣሉ። የሚያመውን እንስሳ ማሠልጠን ልፋት ብቻ ነው፤ ሐኪም ይቅደም።

ልማድ ከሆነ ጥያቄው «ምን እያገኘበት ነው የሚደጋግመው?» የሚል ይሁን። ዱላ ይህን ጥያቄ አይመልስም። ውሻ ቅጣትን የሚያያይዘው በዚያች ቅጽበት እያደረገ ካለው ነገር ጋር ነው። ጠዋት የበላውን ጫማ ማታ አሳይቶ መምታት የሚያስተምረው ሰው ሲገባ መሸሽን ነው። አንገቱን ሲደፋና ጆሮውን ሲያጥፍ «ጥፋቱን ያውቃል» ይባላል። አያውቅም፤ የፊታችሁን ቁጣ እያየ ነው።

ውሻው ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል

ሦስት ሌሊት ሰዓቱንና አቅጣጫውን መዝግቡ። መንስኤው የሚለየው በዚህ ነው። ወደ በሩ ወይም ወደ አጥሩ ዞሮ በቁጣ የሚጮኽ ከሆነ ድምፅ ሰምቷል ወይም ሰው አይቷል። ውሻ እኛ ጆሮ የማይደርስ ቀጭን ድምፅ ስለሚሰማ «ምንም በሌለበት ይጮኻል» ማለት አይቻልም፤ ጅብ ከሚዞርበት ሰፈር ደግሞ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ እያረፈ፣ ወደየትም ሳያይ የሚጮኽ ውሻ ሰልችቶታል። ለቀናት እያላዘነ አጥር ለመዝለል የሚታገል ወንድ ውሻ ካለ በአቅራቢያው ወንድ የምትፈልግ ሴት ውሻ አለች፤ የሴቷ ወቅት ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል።

በብዙ ግቢ የሚታየው ግን ሁለተኛው ነው። ውሻው ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይተኛል፣ ማታ ሲፈታ ጉልበቱ ሁሉ ተጠራቅሞ ይጠብቀዋል። መፍትሄው ከቀኑ ይጀምራል።

ጠዋትና ማታ ለ30 ደቂቃ ያህል አውጡት፤ እየጎተታችሁ አትሩጡ፣ ያሽት። ማሽተት ከሩጫ ባልተናነሰ ያደክመዋል። ማሰር የግድ ከሆነ ሰንሰለቱን ከግንድ ጋር አትቋጥሩት። በሁለት ምሰሶ መካከል፣ ከሰው ቁመት ከፍ አድርጋችሁ፣ 10 ሜትር ያህል ሽቦ ወጥሩና ማሰሪያው በቀለበት እየተንሸራተተ እንዲሄድ አድርጉ። ከእያንዳንዱ ምሰሶ 1 ሜትር ያህል ቀደም ብሎ ቀለበቱን የሚያቆም ቋጠሮ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ውሻው ምሰሶውን እየዞረ ይታነቃል። ጥላና ውኃ ከሚደርስበት ቦታ ይሁኑ። በአንገት ማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። አላፊ አግዳሚውን በፍርግርግ እያየ የሚጮኽ ከሆነ የበሩን የታች 1 ሜትር በቆርቆሮ ወይም በሸራ ሸፍኑት፤ የጩኸቱ ግማሽ በዚህ ብቻ ሊቀር ይችላል።

ቀጥሎ «በቃ» የሚለውን ቃል አስተምሩት። ቀን ላይ ሰው በሩን እንዲያንኳኳ አድርጉ። ሁለት ሦስቴ ይጩኽ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ በዝግታ «በቃ» በሉና የተቀቀለ ጉበት ቁራጭ (የሽምብራ ፍሬ ታህል ትበቃለች) አፍንጫው ላይ አስጠጉ። ለማሽተት ዝም ይላል። 3 ሰከንድ ቆጥራችሁ ስጡት። በቀን 10 ጊዜ ያህል፣ ዝምታውን ወደ 5፣ ወደ 10፣ ወደ 30 ሰከንድ እያሳደጋችሁ ሁለት ሳምንት ቀጥሉ። ስህተቱ የሚፈጠረው ጉበቱ እየጮኸ ሳለ ሲሰጥ ነው፤ ያኔ ያስተማራችሁት መጮኽን ነው። በመስኮት ወጥቶ «ዝም በል!» ብሎ መጮኽም እንደዚያው፤ ለውሻው አብራችሁት እየጮኻችሁ ነው።

ትኩረት ፈልጎ የሚጮኸውን ችላ ስትሉት ደግሞ መጀመሪያ ይብስበታል። ለጥቂት ቀናት ከበፊቱ ይልቅ ይጮኻል፣ ከዚያ ይቀንሳል። በአራተኛው ቀን ተሸንፎ በር የከፈተ ሰው ውሻውን ያስተማረው ረዘም አድርጎ መጮኽን ነው። የዘብ ውሻ ጨርሶ ዝም እንዲል አንፈልግም፤ ግን ለነፋስም ለድመትም የሚጮኽ ውሻ ዘብ አይደለም፣ ማንም ተነስቶ አያይለትማ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው በወጣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚጮኽ፣ በሩን የሚቧጭርና የሚሸና ከሆነ ችግሩ ብቻ መሆንን መፍራት ነው። ቁልፍ አንስታችሁ ሳትወጡ ተቀመጡ፤ ጫማ አድርጋችሁ ሳትወጡ አውልቁ። ይህ ሲለመድ ለ5 ሰከንድ፣ ለ30 ሰከንድ፣ ለ2 ደቂቃ፣ ለ10 ደቂቃ ውጡና ሳይጨነቅ ተመለሱ። ከጮኸ ፈጥናችኋል፤ አንድ ደረጃ ዝቅ በሉ።

ያጉረመርማል፣ ይናከሳል

«የሚጮኽ ውሻ አይናከስም» የሚለውን አትመኑ። የሚፈራ ውሻ ይጮኻል፣ መሸሻ ሲያጣም ይነክሳል። አብዛኛው ንክሻ ከጭካኔ ሳይሆን ከፍርሃት ነው፤ በተለይ ከ3 እስከ 14 ሳምንት ዕድሜው እንግዳ ሰው፣ ልጆችና መኪና ሳያይ በሰንሰለት ያደገ ቡችላ ትልቅ ሲሆን አዲሱን ነገር ሁሉ እንደ ጠላት ይቆጥራል።

ማጉረምረምን በፍጹም አትቅጡ። ማስጠንቀቂያው ነው። ሲያጉረመርም የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተውና ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል፤ «ድንገት ነከሰ» የሚባለው ውሻ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው።

ምግቡን የሚከላከል ከሆነ ሳህኑን አትንጠቁ፣ እጃችሁንም ውስጡ አትክተቱ። ከ3 ሜትር ርቀት ላይ ሆናችሁ ከሚበላው የተሻለ ነገር፣ ለምሳሌ የሥጋ ቁራጭ፣ ወደ ሳህኑ ወርውሩና ዞራችሁ ሂዱ። በየሁለት ሦስት ቀኑ በግማሽ ሜትር ቅረቡ። ሰውነቱ ከደረቀ ወይም ፈጠን ፈጠን ብሎ መዋጥ ከጀመረ ተመልሳችሁ ራቁ። ይህን ልጆች እንዲሠሩት አይደረግም፤ ልጆች ከሚበላ ወይም ከተኛ ውሻ ይራቁ።

እንግዳ ሲመጣ ውሻው ቀድሞ ሌላ ክፍል ይግባ። እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ በማሰሪያ ይውጣ፤ እንግዳው ዓይኑን አይፍጠጥበት፣ ራሱን አይዳብሰው። ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ነክሶ ያደማ ትልቅ ውሻ ግን በጽሑፍ ምክር የሚታረም አይደለም፤ ሐኪም ወይም ልምድ ያለው አሠልጣኝ ይየው፣ እስከዚያ ከግቢ ሲወጣ የአፍ መሸፈኛ ይደረግለት።

እዚህ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ሳይነሳ አይታለፍም። ያለ ምክንያት የተለወጠ ጠባይ፣ ለሃጭ መብዛት፣ የድምፅ መቀየር፣ መዋጥ ማቃት፣ የመንጋጋ መንጠልጠል፣ መንገዳገድ ካያችሁ አጥንት ቀርቅሮት ነው ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። በሽታው በዝምታና በመፍዘዝም ሊመጣ ይችላል። ውሻም ሆነ ድመት የነከሰው ሰው ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ፤ ምልክት ከታየ በኋላ ሕክምና አያድነውም። የነከሰውን ውሻ አትግደሉ፤ ከተቻለ ተዘግቶበት 10 ቀን ይታይ። ክትባቱ ለውሻው ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ ሐኪሙ በሚለው ጊዜም ይደገማል።

ጫማ ማኘክ፣ ሰው ላይ መዝለል፣ ቤት መሽናት

ቡችላ ከ3 እስከ 7 ወር ባለው ጊዜ ጥርሱን ስለሚቀይር ድዱ ያሳክከዋል። ካሮት ወይም ተጠምዝዞ፣ ርሶ የቀዘቀዘ ጨርቅ ስጡት። አሮጌ ጫማ ለመጫወቻ አትስጡ፤ አሮጌውን ከአዲሱ የሚለይበት መንገድ የለውም። የተቀቀለ አጥንትም አይሆንም፣ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ሲዘልባችሁ ጀርባችሁን ስጡት፣ አራት እግሩ መሬት ሲነካ አናግሩት። ከቤተሰቡ አንድ ሰው እየሳቀ ካቀፈው የሌሎቹ ልፋት ከንቱ ነው። ማዕድ ላይ የሚለምነውም እንዲሁ፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ፣ ከጠረጴዛ አንዴ የጎረሰ ሁልጊዜ ይጠብቃል። በዚያ ላይ ወጥ የነካው እንጀራ ሽንኩርት አለበት፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ይጎዳል።

የ2 ወር ቡችላ ሽንቱን ከ2 ሰዓት በላይ አይችልም። ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ በበላ በ15 ደቂቃ ገደማ፣ ከጨዋታ በኋላ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ውሰዱትና እንደጨረሰ እዚያው ሸልሙት። ቤት ገብታችሁ ከሸለማችሁት የተሸለመው መግባቱ ነው። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት ከሰው ተደብቆ፣ ከአልጋ ሥር መሽናትን ያስተምራል።

ለርችት የሚደነግጥ ውሻ ለበዓል ዋዜማ ገና ሳይመሽ ይውጣና ይግባ፤ መስኮቱ የተጋረደ ክፍል፣ የተከፈተ ሬዲዮና የሚደበቅበት ጥግ ይኑረው። ማቀፍና ማረጋጋት ፍርሃቱን አያባብስም።

ድመቷ ከሳጥኑ ውጭ ትሸናለች

መጀመሪያ አሸናኗን እዩ። ተቀምጣ ወለል ወይም ፍራሽ ላይ ብዙ ከሸናች ሳጥኑን አልወደደችውም ወይም ታማለች። ቆማ፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ እያንቀጠቀጠች ግድግዳና መጋረጃ ላይ ጥቂት ከረጨች ግን ወሰን ምልክት እያደረገች ነው። ይህ በተለይ ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ጠባይ ነው፤ ከ5 ወይም 6 ወር ዕድሜ አካባቢ ማኮላሸት አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። ከረጅም ጊዜ ልማድ በኋላ የተኮላሸ ግን ላይተወው ይችላል።

አንድ ነገር ቀን አይሰጥም። ወንድ ድመት ደጋግሞ ሳጥኑ ላይ እየተቀመጠ፣ እያማጠ፣ ጠብታ ብቻ ወይም ምንም ካልወጣው ሽንቱ ተዘግቷል። «ሆዱ ደርቆ ነው» ተብሎ ዘይት ሲጠጣ የሚያድርበት ጊዜ አለ፤ በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ነው።

ጤነኛ ከሆነች ሳጥኑን አስተካክሉ። የተለየ ዕቃ አያስፈልግም፤ ድመቷ ዞራ የምትቆምበት ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ በቂ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የተነፋና በፀሐይ የደረቀ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ሙሉበት። በድመቶቹ ቁጥር ላይ አንድ ጨምሩ፤ ለሁለት ድመት ሦስት ሳፋ። ከምግቧና ከሚጮኽ ማሽን የራቀ፣ ግን መውጫ ያለው ጥግ ይሁን። በየቀኑ ዛቁ፣ በየሳምንቱ ሁሉንም ለውጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሽታውን ለማጥፋት ሽቶ ያለው ሳሙና በመጠቀም ነው፤ ለእኛ ጥሩ የሸተተን ለእሷ አፍንጫ ይከረፋል። ነፍሰ ጡር ሴት ሳፋውን ባትዝቅ ይመረጣል፤ በድመት ሰገራ የሚተላለፍ ፅንስ የሚጎዳ በሽታ አለ።

የሸናችበትን ቦታ በበረኪና አትጠቡ። በረኪና ከሽንት ጋርም ሆነ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። በጨርቅ አድርቁት፣ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፣ ከዚያ እኩል ውኃና አቼቶ ቀላቅላችሁ አርከፍክፉና 15 ደቂቃ አቆዩት። ቀለም እንዳይለቅ አስቀድማችሁ በማይታይ ጥግ ሞክሩ። ኢንዛይም ያለው የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ከተገኘ ይበልጥ ያጸዳል። ሽታው ከቀረ ተመልሳ መምጣቷ አይቀርም።

ሶፋ ትቧጭራለች፣ ሥጋ ትሰርቃለች፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትቀሰቅሳለች

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። መቧጨር ጥፍሯ የሚታደስበት፣ ሽታዋንም የምትተውበት ነው፤ ማስቆም ሳይሆን ቦታ መስጠት ነው የሚቻለው። ተዘርግታ የምትደርስበት፣ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም እንጨት በቃጫ ገመድ አጥብቃችሁ ጠምጥሙና ከምትቧጭረው ሶፋ ጎን አቁሙት። የሚወላወል ከሆነ አትነካውም፤ ሰፊ መሠረት ላይ ይመታ። የሶፋውን ጥግ በላስቲክ ሸፍኑና እንጨቱን ስትለምድ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ወደምትፈልጉት ቦታ አርቁት።

ሥጋ የምትሰርቀው ድመት መፍትሄዋ ክዳን ነው። አንዴ የቀመሰች ጠረጴዛውን መቶ ጊዜ ትፈትሻለች። «አይጥ እንድትይዝ» ተብላ መራቧ ሌብነቱን ያባብሰዋል፤ የጠገበች ድመትም ታድናለች።

ድመት በተፈጥሮዋ የምትነቃው ሲነጋጋና ሲመሻሽ ነው። ከመተኛታችሁ በፊት በገመድ ጫፍ ላይ ባሰራችሁት ላባ 15 ደቂቃ አሯሩጧትና አብሏት፤ ገመዱን ግን አንሱት፣ ከዋጠችው አንጀቷን ይቆርጣል። ሌሊት ተነስታችሁ ካበላችኋት ሰዓቷን አስተካከላችሁላት ማለት ነው።

ሴት ድመት መሬት ላይ እየተንከባለለች፣ ጭራዋን ወደ ጎን አድርጋ ሌሊት ከሌሊት ብታላዝን አልታመመችም፤ ወንድ ፈልጋ ነው። ካልተጠቃች በየ2 እና 3 ሳምንቱ ይመለስባታል፤ ከ4 ወይም 5 ወር ዕድሜ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፣ ግልገሎቿን እያጠባችም እንኳ። እርግዝናው ሁለት ወር ገደማ ስለሆነ ኮርኒስ ውስጥ የሚሰማው የግልገል ድምፅ ሳይጠፋ ሁለተኛው ዙር ይደርሳል። መፍትሄው በሐኪም ማምከን ነው። ለማረጋጋት ተብሎ የሰው መድኃኒት አይሰጥ፤ ፓራሲታሞል አንድ ፍሬ ድመትን ይገድላል።