ማስረጃ ሁሉ አንድ አይደለም፦ በአመክንዮና በዕውቀት ንድፈ ሐሳብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሒሳብ ሊቁም፣ ሐኪሙም፣ ዳኛውም፣ የታሪክ ተመራማሪውም «ተረጋግጧል» ይላሉ። ቃሉ አንድ ነው፤ ከጀርባው ያለው ሥራ ግን ለየቅል ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅርጹንና እውነቱን ማምታታት። «ወፍ ሁሉ ይበራል፤ ሰጎን ወፍ ናት፤ ስለዚህ ሰጎን ትበራለች።» የክርክሩ ቅርጽ እንከን የለውም፤ የተበላሸው የመጀመሪያው መነሻ ሐሳብ ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ይጠይቁ፤ መነሻዎቹ እውነት ቢሆኑ መደምደሚያው የግድ ይከተላል? መነሻዎቹስ እውነት ናቸው?

«ከሆነ»ን ገልብጦ ማንበብ። «ያጠና ሁሉ ያልፋል» ማለት «ያለፈ ሁሉ አጥንቷል» ማለት አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ዌሰን በ1966 ያወጣው ፈተና ይህን ስህተት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በእኛ ፊደል ስናቀርበው እንዲህ ነው፤ አራት ካርዶች አሉ፣ እያንዳንዱ ካርድ በአንዱ ገጹ ፊደል፣ በሌላው ቁጥር አለው። የሚታዩት ሀ፣ መ፣ 4 እና 7 ናቸው። ደንቡ «በአንዱ ገጽ ሀ ካለ በሌላው 4 አለ» ይላል። ደንቡ መጠበቁን ለማወቅ የትኞቹን መገልበጥ የግድ ነው? ብዙ ሰው ሀ እና 4ን ይመርጣል። ትክክለኛው ግን ሀ እና 7 ነው። ከ4 ጀርባ ምንም ቢገኝ ደንቡ አይፈርስም፤ ምክንያቱም 4 ከሀ ጋር ብቻ ይሁን የሚል ነገር የለም። ከ7 ጀርባ ሀ ከተገኘ ግን ደንቡ ወዲያው ይፈርሳል። የራስዎን ሐሳብ ሲፈትሹም የሚደግፈውን ሳይሆን ሊያፈርሰው የሚችለውን ካርድ ይፈልጉ።

አሉታው የት ላይ እንዳረፈ አለማየት። አማርኛችን እዚህ ላይ ያጠምዳል። «ሁሉም መድኃኒቶች አልሠሩም» ሲባል «አንድም የሠራ የለም» ነው ወይስ «ያልሠራም አለ»? የመጀመሪያውን ለማፍረስ አንድ የሠራ መድኃኒት ይበቃል፤ ሁለተኛውን ለማፍረስ ሁሉም መሥራት አለባቸው። «እያንዳንዱ ክስተት ምክንያት አለው» ከሚለው ተነስቶ «የክስተቶች ሁሉ አንድ ምክንያት አለ» ማለትም የዚሁ ዘመድ ነው። የአመክንዮ ሊቁ ጎትሎብ ፍሬገ በ1879 «ሁሉም»ን እና «አለ»ን በምልክት የሚጻፉበትን መንገድ ካበጀ ወዲህ ልዩነቱ በጽሑፍ ይታያል፤ በንግግር ግን ዛሬም ይሰወራል።

የጎዴልን ውጤት ከቦታው ማውጣት። የአመክንዮ ሊቁ ኩርት ጎዴል በ1931 ያሳየው «ሰው እውነትን ማወቅ አይችልም» የሚል ነገር አይደለም። ውጤቱ እርስ በርሱ የማይቃረን፣ መነሻ ሕጎቹ በቁርጥ ሊዘረዘሩ የሚችሉ፣ የተፈጥሮ ቁጥሮችን (0፣ 1፣ 2፣ …) መደመርና ማባዛት የያዘ የሒሳብ ሥርዓትን ይመለከታል፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት ሊያረጋግጠውም ሊያፈርሰውም የማይችል ዓረፍተ ነገር አለው፣ ማለትም ሙሉ አይደለም። ማባዛት የሌለበት፣ በመደመር ብቻ የሚሠራው ሥርዓት ሙሉ መሆኑ በ1929 ተረጋግጧል።

የአንዱን ዘርፍ ሚዛን ለሌላው መጠቀም። የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ፖልያ በ1919 ስለ ቁጥሮች ዋና (ፕራይም) አካፋዮች ብዛት የሰነዘረው ግምት 906,150,257 ላይ ሲደርስ ይፈርሳል። ከዚያ በፊት ያሉት ከ900 ሚሊዮን በላይ ቁጥሮች ይደግፉታል! ለፊዚክስ ይህን ያህል ምልከታ ከበቂ በላይ ነው፤ ለሒሳብ ግን ምንም አያረጋግጥም። ከታሪክ ወይም ከሕክምና የሒሳብ ዓይነት ማረጋገጫ መጠየቅም ያው ስህተት ነው፣ በተቃራኒው አቅጣጫ።

መነሻውን መጠን መርሳት። በጣም የሚጎዳው ስህተት ይህ ይመስለናል። በሽታው ከ1,000 ሰው አንዱን የሚይዝ ነው እንበል። ምርመራው የታመመን አይስትም፤ ከጤነኞች 5 በመቶውን ግን በስህተት «ታመዋል» ይላል። 10,000 ሰው ቢመረመር 10 ሕሙማን ይገኛሉ፤ ከ9,990 ጤነኞችም 500 ያህሉ ታመዋል ይባላሉ። ስለዚህ «ታመዋል» ከተባሉት 510 ሰዎች በእርግጥ የታመሙት 10 ብቻ፣ ማለትም 2 በመቶ ያህል ናቸው። በፍርድ ቤትም እንደዚሁ ነው፤ «በወንጀሉ ቦታ የተገኘው ይህ ምልክት የሚገጥመው ከሚሊዮን አንድ ሰው ነው» ማለት «ተከሳሹ ንጹሕ የመሆን ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ ነው» ማለት አይደለም። 10 ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት አገር ምልክቱ የሚገጥማቸው 10 ያህል ሰዎች ይኖራሉ።

እውነት ስለሆነ ብቻ ዕውቀት ማለት። የቆመ ሰዓት አይተው ሰዓቱን በአጋጣሚ በትክክል ቢናገሩ አወቁ አይባልም። ፈላስፋው ኤድመንድ ጌትየር በ1963 በሦስት ገጽ ጽሑፍ ያሳየው፣ በቂ ምክንያት ያለው እውነተኛ እምነት እንኳ ዕውቀት ላይሆን እንደሚችል ነው።

አንድ ተቃራኒ ምልከታ ሲመጣ ንድፈ ሐሳቡን ለመጣል መቸኮል፣ ወይም እሱን ለማዳን ያለ ልክ ግምት መለጠፍ። ዩራነስ በኒውተን ስሌት መሠረት አልሄድ ስትል የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሌ ቬሪዬ ሕጉን አልጣለም፤ ያልታየች ፕላኔት መኖር አለባት ብሎ ቦታዋን አሰላ፣ ኔፕቲዩንም በ1846 ተገኘች። የሜርኩሪ ጉዞም ከስሌቱ ሲያፈነግጥ ያንኑ ዘዴ ሞከረ፤ ቮልካን የተባለችው ፕላኔት ግን ጨርሶ አልተገኘችም። ችግሩ ሕጉ ላይ እንደነበር በ1915 የአይንስታይን ስሌት አሳየ። ሁለቱም ጊዜ የተጨመረው ግምት «እዚህ ቦታ ብትመለከቱ ታዩታላችሁ» የሚል ነበር፤ ንድፈ ሐሳብን ለማዳን የሚጨምሩት ግምትም እንዲህ ለብቻው ሊፈተሽ የሚችል ይሁን።