ቦዲው አልጋ ላይ ሲወጣ በሩ አልዘጋ ካለ

ቮልስ የሚያድስ ሰው አንድ ቀን ቦዲውን ከሻንሲው (ከስር ከሚሸከመው የብረት ወለል) መለየቱ አይቀርም። በጎንና በጎን ያሉትን ቡሎኖች በ13 ቁልፍ፣ የፊትና የኋላዎቹን ወፍራሞች በ17 ይፈታል። አምስት ስድስት ጎረምሳ ጠርቶ ያስነሳዋል። (አልነሳ ካለ ከኋላ ወንበር ስር የተረሳ ቡሎን ፈልጉ።) ከዚያስ የት ይቀመጥ? ብዙው ሰው በርሜልና አሮጌ ጎማ ላይ ይደረድረዋል። አሰብ ያደረገው ከቱቦላሬ (ከአራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ባለ ጎማ አልጋ ያስበይዳል። አልጋው ግሩም ነው፤ ብቻችሁን ሆናችሁ ቦዲውን ከጥግ ወደ ብርሃን ትገፉታላችሁ። ግን የራሱ አመል አለው።

በሩ አልዘጋ አለ

ሁሉም መጀመሪያ በሩን ነው የሚጠረጥረው። ማጠፊያውን ይፈታል፣ መዶሻ ያነሳል። ተዉት፣ በሩ ምንም አላጠፋም። የጎበጠው ቦዲው ነው።

ቮልስ ያላት በር ሁለት ብቻ ነው፤ እነሱም ረጃጅም ናቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ በቮልስ ሲወሰዱ ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱን ወንበር ማለፍ የነበረባቸው ለዚህ ነው። ያን ሁሉ ክፍት ቦታ ከስር የያዘው በበሩ ግርጌ የሚያልፈው ሳጥን መሰል ላሜራ ነው፤ የሞተሩ ሙቅ አየር የሚሄድበት። ዝገት ቀድሞ የሚበላውም እሱን ነው። ቦዲው ሻንሲው ላይ ታስሮ እያለ ድካሙ አይታወቅም፣ ሻንሲው ይሸከምለታል። አልጋ ላይ ሲወጣ ጉዱ ይፈላል።

ክፍተቱ ራሱ ምክንያቱን ይነግራችኋል። ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ፣ አልጋው የያዘው ጫፍና ጫፉን ብቻ ነው፤ መሀሉ ወርዷል። ከላይ ከሰፋ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ መሀሉ ተደግፎ ፊትና ኋላው ተንጠልጥሏል።

መፍትሄው፦ የበሩን ክፍት ቦታ ከማዕዘን ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ። ቦዲው ሳይነሳ ከለካችሁት ጋር አመሳክሩ። ቀድማችሁ ካልለካችሁ የግራና የቀኙን ከማስተያየት ሌላ ምርጫ የለም፤ ሁለቱም እኩል ጎብጠው ከሆነ ግን ያታልላችኋል። ከዚያ በወረደው በኩል ክሪክ አስገቡ፣ በመሀል ጣውላ አድርጉ፣ ቀስ እያላችሁ አንሱ። ልኩ ሲመጣ ስሩን በብረት ቁራጭ ሙሉት። ቀጥሎ ከፊቱ ምሰሶ ወደ ኋላው ምሰሶ፣ ከግራም ወደ ቀኝ 25 በ25 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ በይዱ። በሩ እንዲዘጋ ቱቦላሬውን ወደ ውስጥ ገባ አድርጉት። ይህን ቦዲውን ከማንሳት በፊት ብታደርጉት ኖሮ ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

እኔ በዚህ ጉድ ሆኛለሁ። የግርጌውን ላሜራ አልጋው ላይ እንዳለ ቆርጬ አዲስ አስበየድኩ። ቀለሙ ሁሉ አለቀ። ሻንሲው ላይ ስናወርደው የቡሎኖቹ ቀዳዳ በአንድ ጣት ተሳሳተ! እንደገና መቁረጥ ሆነ። አሁን ያን ላሜራ የምቀይረው ቦዲው ሻንሲው ላይ ታስሮ፣ መጀመሪያ አንዱን ጎን፣ ጨርሼ ሌላውን ነው። ከሻንሲው የተሻለ ልክ የለም። አልጋው ለማጽዳት፣ ለስቱኮና ለቀለም ይሁን።

አንዱ ጎማ አየር ላይ ቀረ

ወለሉ ነው ወይስ አልጋው? ባዶውን አልጋ ግማሽ ዙር አዙሩት። ያው ጎማ ከተንጠለጠለ አልጋው ተጣሟል። ያው የወለል ቦታ ላይ የመጣው ሌላ ጎማ ከተንጠለጠለ ችግሩ ሲሚንቶው ነው።

አልጋ የሚያጣምመው የበያጅ ጥድፊያ ነው። አንዱን ማዕዘን ጨርሶ ወደ ሌላው ከሄደ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይስባል። አራቱም ማዕዘን መጀመሪያ በነጥብ ይያዝ፣ ከጥግ ጥግ ይለካ፣ ከዚያ እያፈራረቁ ይበየድ። አንዴ ከተጣመመ ግን መቁረጥ አያስፈልግም፤ በተንጠለጠለው ጎማና በአልጋው መሀል ሮንዴላ ወይም ላሜራ አስገብታችሁ እሰሩ። ጎማ ስትገዙም ክብደቱን ለአራት አታካፍሉ። ወለል ሲያጋድል ሸክሙን የሚችሉት ሦስት ናቸው፤ ለሦስት አካፍሉ።

አይገፋም፣ ሲታጠፍም ያዘነብላል

የማይገፋው ጎማው ትንሽ ስለሆነ ነው። የመደርደሪያ ፕላስቲክ ጎማ አንዲት ጠጠር ታቆመዋለች። ቢያንስ 125 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ ላስቲክ ፈልጉ፣ ኩሽኔታውንም በእጃችሁ አሽከርክራችሁ ስሙት።

ማዘንበሉ ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ዟሪ ጎማ መሬት የሚነካው ከተበየደበት ነጥብ ወጣ ብሎ ነው። ወደ ውስጥ ሲዞር የአልጋው እግር ይጠባል። ስለዚህ ጎማዎቹ ከቦዲው ማረፊያ ወደ ውጭ ወጣ ብለው ይታሰሩ፣ አልጋውም ዝቅ ይበል። ስትቦርሹት የሚሸሽ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ባለ ፍሬን አድርጉ።

ቦዲው ያረፈበት ቦታ ዛገ

ጨርቅ ወይም ምንጣፍ አንጥፋችኋል፤ ውሃ ይይዛል። የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ይሻላል፤ አጠገቡ ብየዳ ሲኖር ግን አውጡት፣ ይቀጣጠላል። የብየዳ ማሽኑን ማሳም (የመመለሻ ገመዱን መቆንጠጫ) አልጋው ላይ አትሰኩ። የሚበየደው ቦታ አጠገብ፣ በተፋቀ የቦዲው ብረት ላይ ይሁን። አለዚያ ኤሌክትሪኩ ቦዲውና አልጋው በሚነካኩበት ቦታ ሁሉ እየፈነጠቀ ያልፋል፣ ላሜራውንም እዚያው ያቃጥለዋል።