መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱም አብሮ ከሄደ፦ ችግርና መፍትሄ

ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ ሣጥን ነው። ለቤት የሚሸጡት ትናንሽ ዩፒኤሶች የተሠሩት የያዛችሁትን ፋይል ሴቭ አድርጋችሁ ኮምፒውተሩን በሥርዓት እንድታጠፉ ነው። ፊልም አስጨርሰው እስከ ማታ ካላቆዩ ተበላሹ ማለት አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ግን እውነተኛ ችግሮች ናቸው።

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩም አብሮ እልም ይላል

መጀመሪያ የዩፒኤሱን ጀርባ እዩ። ብዙዎቹ ሁለት ዓይነት ሶኬት አላቸው። አንዱ ወገን በባትሪ ይደገፋል፤ ሌላው ድንገት ከሚመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ብቻ ይከላከላል። ኮምፒውተሩ የተሰካው በሁለተኛው ላይ ከሆነ ባትሪው የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን አይደርስለትም። ዩፒኤሱ ገና የተገዛ ከሆነ ደግሞ የባትሪውን ክዳን ክፈቱ። አንዳንዱ ከፋብሪካ የሚመጣው አንዱ የባትሪ ሽቦ ተነቅሎ ነው፤ ይህን ሻጩም ላይነግራችሁ ይችላል።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ባትሪውን ጠርጥሩ። ውስጡ ያለው የታሸገ ሊድ አሲድ ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚሄድበት ሰፈር ወይም ሙቀት ያለበት ጥግ ከሆነ ከዚያም ያንሳል።

ለመፈተን ዩፒኤሱን አንድ ሌሊት ቻርጅ አድርጉት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ነቅላችሁ በምትኩ የድሮውን ዓይነት 60 ዋት አምፖል ያለው የጠረጴዛ መብራት ሰኩ፤ ዩፒኤሱን ደግሞ ከግድግዳው ንቀሉት። አምፖሉ ወዲያው ወይም በሁለት ሦስት ደቂቃ ከጠፋ ባትሪው አልቋል። ቴስተር (ቮልቴጅ መለኪያ) ካላችሁ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ጤነኛና ሙሉ ባትሪ ምንም ሳይሰካበት 13 ቮልት ገደማ ያሳያል። አምፖሉ እንደበራ ቁጥሩ ወደ 10 የሚንሸራተት ከሆነ አትድከሙ፣ ቀይሩት።

በ650 ቪኤ (ቮልት-አምፒር፣ የዩፒኤሱ አቅም መለኪያ) ዩፒኤስ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኙት 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-አወር የሚል ባትሪ ነው። ልትገዙ ስትሄዱ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሽቦው የሚሰካበት ምላስ የሚለይበት ጊዜ አለ፤ አንዱ 4.8፣ ሌላው 6.3 ሚሊሜትር ስፋት አለው። በፒንሳ ተጨፍልቆ የገባ ሽቦ ደግሞ ሲላላ ራስ ምታት ነው። የተመረተበትን ቀንም እዩ። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ቻርጅ ሳይደረግ ለወራት የተቀመጠ ባትሪ አዲስ ቢመስልም አቅሙ ወርዷል። ስትቀይሩ ዩፒኤሱን አጥፍታችሁ ከግድግዳው ንቀሉ፣ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አገናኙ። የመጨረሻው ሽቦ ሲነካ ትንሽ ብልጭታ ብታዩ አትደንግጡ። የባትሪ ክዳን የሌለውን ሣጥን ግን ለባለሙያ ተዉት፤ ውስጡ ከተነቀለ በኋላም የሚነዝር ኃይል ይቀራል። አሮጌውን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ሻጩ ይረከብ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሊድም አሲድም ያለበት ነገር ነው።

መብራት እያለ ቀጭ ቀጭ ይላል

በእኛ አገር ይሄ ችግር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከኩሽና ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ሽቦው ቀጭን ከሆነ ወይም መስመሩ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ከሆነ፣ ምጣዱ በተሰካ ቁጥር 220 የነበረው ቮልቴጅ ይወርዳል። ዩፒኤሱ ይህን ሲያይ ቀጭ ብሎ ከፍ ሊያደርገው ይሞክራል። ካልቻለ ወደ ባትሪ ይሄዳል። ቮልቴጁ ሲመለስ እንደገና ቀጭ። እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ባትሪው ሲሞላና ሲራገፍ ይውላል፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ታዲያ ባዶውን ታገኙታላችሁ።

ለማረጋገጥ ቴስተሩን ሶኬቱ ላይ ይዛችሁ አንድ ሰው ምጣዱን እንዲሰካ አድርጉ። ቁጥሩ ያኔውኑ ዘጭ ካለ መፍትሄው ዩፒኤስ መቀየር አይደለም። ምጣዱ ከብሬከር ሣጥኑ የራሱ ወፍራም መስመር እንዲዘረጋለት ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። እስከዚያው እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት በላፕቶፕ መሥራት ይሻላል። ምጣዱም ሳይሰካ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ከሆነ ችግሩ ከቆጣሪው ወዲያ ሊሆን ስለሚችል ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቱ።

ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዕቃ) ካላችሁ ከግድግዳውና ከዩፒኤሱ መሃል ይግባ። ዩፒኤሱ ላይ ስታቢላይዘር መሰካት ሁለቱንም ማሰቃየት ነው።

ያለማቋረጥ ይጮሃል

በባትሪ ላይ ሲሆን አልፎ አልፎ ጢጥ ማለቱ ያለ ነው። የማያቋርጥ ጩኸት ግን ብዙ ጊዜ ጭነት በዝቶበት ነው። ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ቪኤ እንደ ዋት አትቁጠሩት፤ 650 ቪኤ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው የሚሸከመው። ሌዘር ፕሪንተር ካለ መጀመሪያ እሱን ንቀሉ፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ብቻውን ዩፒኤሱን ያንበረክከዋል። ካውያና የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያማ ጭራሽ አይታሰቡም።

ይሠራል፣ ግን ቶሎ ያልቃል

ሒሳቡን እንሥራ። 12 ቮልት በ7 አምፒር-አወር ሲባዛ 84 ዋት-አወር ነው። 100 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር ወደ 50 ደቂቃ ሊሠራ ነው ማለት ነው? አይሆንም። በፍጥነት የሚራገፍ ባትሪ አቅሙን ሁሉ አይሰጥም፤ ዩፒኤሱም ሲቀይረው ያባክናል። አዲስ ባትሪ ይዞ 20 ደቂቃ ከሄደ ጎበዝ ነው። የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፣ ስፒከሩን ንቀሉ። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ የዋይፋይ ራውተሩን ብቻ ብትተዉለት ግን ብዙ ይቆያል፤ ራውተር የሚበላው ጥቂት ዋት ብቻ ነው።

ጀነሬተር በርቶም ከባትሪ አይወርድም

ብዙዎቹ ትናንሽ ጀነሬተሮች 50 ኸርዙን (ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) አስተካክለው አይዙም። ዩፒኤሱ ያንን ኃይል አላምነውም ብሎ ባትሪውን ይጨርሳል። ጀነሬተሩ ተረጋግቶ እስኪሠራ ጠብቁ፤ ከባድ ዕቃ አብራችሁ አትጫኑበት። ዩፒኤሱ ሴንሲቲቪቲ የሚባል ማስተካከያ (ለኃይል መዛባት ምን ያህል ቶሎ እንደሚደነግጥ የሚወስን) ካለው ዝቅ አድርጉት።

ይሞቃል፣ ይሸታል

የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከመጣ ወይም ባትሪው አብጦ ከክዳኑ አልወጣ ካለ አጥፉት፣ ከግድግዳው ንቀሉት፣ መስኮት ክፈቱ። ያበጠውን በስክሩድራይቨር ፈልቅቆ ማውጣት አይሞከርም። እንዳለ ወደ ጥገና ውሰዱት።