አሮጌ የአውቶካድ ንድፎችን ወደ ሬቪት ሲያስገቡ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከዓመታት በፊት በአውቶካድ (በኮምፒውተር ንድፍ መሣያ ፕሮግራም) የተሠራ ንድፍ ወደ ሬቪት (የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም) ሲገባ የሚፈጠረው ችግር የሬቪት ጉድለት ይመስላል፤ ሆኖም ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ንድፉ ራሱ ስለሆነ፣ መፍትሄውም በቅድሚያ የሚፈለገው በአውቶካድ ውስጥ፣ በዋናው ፋይል ሳይሆን በቅጂው ላይ ነው።

ሕንፃው እጅግ ገዝፎ ወይም አንሶ ከታየ ምክንያቱ የመለኪያ አሃድ ነው። በብዙ አሮጌ ፋይሎች አሃዱ ጨርሶ አልተመዘገበም፣ አለዚያም ንድፉ በሚሊሜትር ተሠርቶ ሳለ በኢንች ተመዝግቧል። ልዩነቱ 25.4 እጥፍ ከሆነ ኢንችና ሚሊሜትር፣ 1000 እጥፍ ከሆነ ደግሞ ሜትርና ሚሊሜትር ተምታተዋል። በአውቶካድ ‹ዩኒትስ› በሚለው ትዕዛዝ አሃዱን ማረም፣ ወይም ሬቪት በራሱ እንዲገምት ከመተው ይልቅ ሲያስገቡ ትክክለኛውን አሃድ መምረጥ ያስተካክለዋል። ለማረጋገጥ የበር ስፋት ከመለካት ይልቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አክሲስ (የሕንፃው ማጣቀሻ መስመር) ያለውን ርቀት መለካት ይመረጣል። የተለካውና በንድፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር በጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ከተለያዩ ግን ችግሩ የአሃድ አይደለም፤ ቀድሞ የሠራው ባለሙያ መስመሩን ሳያንቀሳቅስ የልኬቱን ጽሑፍ በእጅ ቀይሮት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ንድፍ ከሥር አንጥፎ መስመር በመስመር መገልበጥ ስሕተቱን ወደ ሞዴሉ ማሸጋገር ስለሚሆን፣ የተጻፉትን ቁጥሮች ይዞ፣ ከተቻለም ሕንፃውን እንደገና ለክቶ መሥራት ያስፈልጋል። መስመሩ በጥቂቱ ዘምሟል የሚለው የሬቪት ማስጠንቀቂያም በዚሁ መንገድ ይቀራል።

የፋይሉ ስፋት ከ20 ማይል ይበልጣል የሚል ማስጠንቀቂያ ከወጣ፣ በአውቶካድ ንድፉ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲታይ ይደረግ። ሕንፃው ወደ ነጥብ ካነሰ በሩቅ ተረስቶ የቀረ መስመር ወይም ብሎክ (እንደ አንድ አካል የተሰባሰበ ሥዕል) አለና ይሰረዝ። እንዲህ ያለ ነገር ካልተገኘ ንድፉ በቅየሳ ኮኦርዲኔት (በመሬት ልኬት በተገኙ የአቀማመጥ ቁጥሮች) ከመነሻው ነጥብ ርቆ የተቀመጠ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚንቀሳቀስበትን ርቀት መዝግቦ ወደ መነሻው ነጥብ ማቅረብ፣ እውነተኛውንም ኮኦርዲኔት በኋላ በሬቪት ውስጥ በአንድ የታወቀ ነጥብ ላይ መስጠት ይገባል።

ፋይሉ ከገባ ወዲህ ሞዴሉ ከከበደ፣ ንድፉን በሞዴሉ ውስጥ በሚከተው ‹ኢምፖርት› ፋንታ ከውጭ የሚያገናኘውን ‹ሊንክ› መጠቀም ይሻላል፤ አስቀድሞም ‹ኦዲት›፣ ‹ኦቨርኪል› እና ‹ፐርጅ› የተባሉት ትዕዛዞች ስሕተቶችን፣ ተደራራቢ መስመሮችንና ያልተሠራባቸውን ሌየሮች (የንድፉን ንብርብሮች) ያጸዳሉ። የገባውን ንድፍ ኤክስፕሎድ ማድረግ በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው አቋራጭ ነው፦ ንድፉን ወደ ተራ መስመሮች ይበትነዋል፣ የማይፈለጉ የመስመር ዓይነቶችን በፕሮጀክቱ ውስጥ ይዘራል፣ ከ10,000 በላይ አካላት ካሉትም ሬቪት ራሱ አይፈቅደውም።

የንድፉ ከፊል ካልታየ፣ ሬቪት የሚያስገባው ሞዴል ስፔስ (ንድፉ የሚሠራበት ዋና ቦታ) ላይ ያለውን እንጂ በሌይአውት (ለኅትመት በሚዘጋጅ) ገጽ ላይ የተሣለውን እንዳልሆነ ማስታወስ ነው። በአውቶካድ አርክቴክቸር (ለሕንፃ ንድፍ በተዘጋጀው የአውቶካድ ዓይነት) የተሠሩ ግድግዳዎችና በሮች ከጠፉ ደግሞ ፋይሉ በ‹ኤክስፖርት ቱ አውቶካድ› ተለውጦ እንደገና ይገባል።

የጽሑፉ ቅርጽ ብቻ ተለውጦ ከቦታው ካለፈ፣ የኤስኤችኤክስ ፎንት (የአውቶካድ የራሱ የፊደል ቅርጽ) በሌላ ተተክቷል፤ ሬቪት ምትኩን የሚመርጥበትን ‹ኤስኤችኤክስ ፎንት ማፕ› የተባለ ፋይል ከፍቶ በስፋት የሚቀራረብ ፎንት መመደብ ይበቃል።