ጡረታ ለወጡ ባልና ሚስት፦ የአሜሪካን እምብርት በአርቪ ለመጎብኘት የሚያስፈልግ ዝግጅት

ከካንሳስ ሲቲ ተነሥቶ በካንሳስና በነብራስካ በኩል እስከ ሳውዝ ዳኮታ የሚዘልቀው ምድር በፈጣኑ አውራ ጎዳና ለሚያቋርጠው መንገደኛ ባዶ ሜዳ ይመስለዋል። የዚህ አገር ውበት ለቸኮለ ሰው አይገለጥም። ስለዚህ በቀን ከ200 ማይል በላይ ላለመንዳት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ማደሪያ ለመድረስና በአንድ ቦታ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ለማደር አስቀድመው ይወስኑ፤ ሌላው ዝግጅት ሁሉ በዚህ ውሳኔ ላይ ይቆማል።

አርቪ፣ ማለትም አልጋ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ያለው የጉዞ መኪና፣ ከመግዛት በፊት መከራየት ይሻላል። ለሁለት ሰው የሚመቸው ከ25 ጫማ ያልበለጠው፣ ከሾፌሩ ክፍል በላይ አልጋ ያለውና ክላስ ሲ የሚባለው ዓይነት ነው። አውቶቡስ የሚያህለው ክላስ ኤ በእርግጥ ይደላል፤ ነገር ግን በብዙ የፓርክ ማደሪያዎች አይገባም፣ ነዳጅም ይበላል። የመኪናውን ቁመት በጣሪያው ላይ ያለውን የአየር ማቀዝቀዣ ጨምረው ይለኩና በወረቀት ጽፈው ዳሽቦርዱ ላይ ይለጥፉ፤ በትንንሽ ከተሞች ያረጁ የባቡር ድልድዮች አሉና። መንጃ ፈቃድን የሚመለከተው ሕግ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ የሚኖሩበትን ስቴት ይጠይቁ።

ከሁሉ አጥብቄ የምመክረው ሁለቱም ሁሉንም ሥራ እንዲለምዱ ነው። በብዙ ቤት ባል ይነዳል፣ ሚስት ታበስላለች፤ የመኪናውን ውስጥ አንዱ ብቻ ያውቀዋል። በገጠር ነብራስካ ግን ከአንዱ ሆስፒታል እስከ ሌላው ብዙ ማይል ሊኖር ይችላልና፣ የሚነዳው ሰው ቢታመም ሌላው መሪውን መያዝ፣ የፕሮፔን ጋዙን መዝጋትና ኤሌክትሪኩን መንቀል መቻል አለበት። ከጉዞው በፊት በባዶ የመኪና ማቆሚያ ሁለቱም ወደ ኋላ መንዳትን፣ በተለይም ሲታጠፉ የመኪናው ጭራ ወደ ውጭ እንዴት እንደሚወጣ ይለማመዱ። ፍሳሽ ሲደፋ በመጀመሪያ የመጸዳጃ ቤቱ ታንክ፣ ቀጥሎ የእቃና የገላ መታጠቢያው ውኃ ይለቀቃል፤ ሁለተኛው ውኃ የፍሳሽ ቱቦውን ያጥበዋልና ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም።

ምጣድ ይዘው ለሚሄዱ ደግሞ የኤሌክትሪኩን ሒሳብ ማወቅ ይጠቅማል። አብዛኛው ማደሪያ የሚሰጠው የ30 አምፔር መስመር 3,600 ዋት ያህል ይሸከማል። በተራ ሶኬት የሚሰካ ምጣድ 1,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ የአየር ማቀዝቀዣውም ከዚያ ብዙም አያንስም፤ በዚህ ላይ የውኃ ማሞቂያው ከተጨመረ ብሬከሩ ይወርዳል። እንጀራ በጠዋት፣ የአየር ማቀዝቀዣው ሳይበራ ቢጋገር ይመረጣል። በርበሬና ሽሮ ግን ከቤት በብዛት መያዝ አለበት፤ ከካንሳስ ሲቲ ወደ ምዕራብ ከወጡ በኋላ የሐበሻ ሱቅ በቀላሉ አይገኝም።

ወቅቱን በተመለከተ መስከረምን የሚያህል የለም። ተማሪዎች ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ ሙቀቱ በርዷል፣ ሣሩም ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግበት ጊዜ ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ቶርኔዶ ይበዛል። በየትኛውም ወር ቢሆን በባትሪ የሚሠራ የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ ሬዲዮ ይያዙ፤ ማስጠንቀቂያው የሚነገረው በካውንቲ (በወረዳ) ስም ስለሆነም ያሉበትን ካውንቲ ስም ማታ ማታ ይጠይቁ። አርቪ ከአውሎ ነፋስ አያስጥልም፤ ማደሪያው እንደደረሱ መጠለያው የት እንደሆነ ይወቁ።

መንገዱን ከቶፒካ ይጀምሩ። በዚያ የሚገኘው የቀድሞው የሞንሮ ትምህርት ቤት፣ በ1954 እ.ኤ.አ. በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በትምህርት ቤቶች የነበረው የዘር መለያየት ሕገ ወጥ የተባለበት ክስ መታሰቢያ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወርዱ ፍሊንት ሂልስ ይገኛል። በአንድ ወቅት የአሜሪካን መካከል የሸፈነው ረጅም ሣር ዛሬ የቀረው ከመቶ አራት እጅ በታች ሲሆን፣ ከዚህም አብዛኛው የሚገኘው በእነዚህ ኮረብታዎች ነው፤ ምክንያቱም አፈሩ ሥር ያለው ባልጩት ማረሻን አላስገባም። በስትሮንግ ሲቲ አጠገብ ያለው ብሔራዊ የሣር ምድር ጥብቅ ስፍራ በ1996 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ ጎሾችም ይሰማሩበታል። እዚህ ሁለት ቀን ይስጡ፤ ጠዋትና ማታ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የሣሩ ቀለም በየደቂቃው ይለዋወጣል። ወደ ሰሜን ምዕራብ ቀጥሎ ኒኮዲመስ አለች፤ በ1877 እ.ኤ.አ. ከባርነት ነጻ የወጡ ጥቁሮች የመሠረቷት ትንሽ መንደር ናት። ብዙ መንገደኛ ሳያያት ያልፋል፤ እኔ ግን ከታላላቆቹ ሐውልቶች አስቀድሜ እንድትጎበኝ እፈልጋለሁ።

በነብራስካ የስኮትስ ብለፍ አምባ ሲደርሱ ወደ ጫፉ የሚወጣው መንገድ ከ25 ጫማ የረዘመ መኪና አይቀበልም። በሳውዝ ዳኮታ ከስተር ፓርክ ውስጥ ባለው የኒድልስ መንገድ ላይ ደግሞ የአንዱ ዋሻ ስፋት 8 ጫማ ያህል ብቻ ስለሆነ አርቪውን ማደሪያው ላይ አቁመው ለአንድ ቀን ትንሽ መኪና ይከራዩ፤ በዚያው ከ1927 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. የተቀረጸውን የማውንት ረሽሞርን የፕሬዚዳንቶች ሐውልት ይዩ። በባድላንድስ ከጎሽም ሆነ ከሌላ አውሬ ቢያንስ 100 ያርድ ይራቁ።

62 ዓመት የሞላው ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ ሲኒየር ፓስ ያገኛል። ፓሱ አብረው በመኪናው ላሉ ጭምር የብሔራዊ ፓርኮችን መግቢያ የሚያስቀር ሲሆን በብዙ የፌዴራል ማደሪያዎችም የሌሊቱን ዋጋ በግማሽ ይቀንሳል። በሕክምና በኩል፣ መደበኛው ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) በማንኛውም ስቴት በሚቀበሉት ሐኪሞች ዘንድ ይሠራል፤ በግል የመድን ድርጅት በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ያላቸው ግን ከድንገተኛ ሕመም ውጭ ያለው ሕክምና ከአካባቢያቸው ውጭ ይሸፈን እንደሆነ ሳይጠይቁ አይውጡ። ጉዞው እስከ ጥቅምት ከዘለቀ በዳኮታ ሌሊቱ በረዶ ያደርጋልና፣ ቧንቧው እንዳይፈነዳ የውኃ መቀበያውን ቱቦ ማታ ነቅለው በውስጡ ያለውን ውኃ አፍስሰው ይደሩ።